ሉባባ ትባላለች

«ከከተማው ወጣ ሲል፣ የሚታይ ምን አለ?»
አለኝ አንድ እንግዳ፣ ካሜራ ያዘለ።
ሸዋ በር ቆሜ ነው፣ ጠዋት ሳይነጋጋ፣
ዘይት ጨምሬበት፣ ሞተሬን ሳረጋጋ።
ምን አውቄ ልንገረው? አሥራ ሁለት ዓመት
ደሴን የማውቃት እኔ፣ በጉድጓድ፣ በዳገት፤
በክረምት የት ጋ ጭቃ፣ የት ጋ ፍሬን እንደሚያዝ፣
ሰኞ ገበያ ሲውል፣ ስንት ኩንታል እንደሚጓዝ።
መታየቱን ግን እንጃ።
ጦሳ እንደሁ ጎረቤት ነው፣ ጎረቤት አይጎበኝ፤
ጭጋጉን ሲከናነብ፣ «ሸራ ዘርጋ» ነው የሚለኝ።

«አብሽር፣ ግባ» አልኩት፣ ሦስት መቶ ጠርቼ፤
በሁለት ሃምሳ ወረድኩ፣ ወላሂ ተጎድቼ።

በደቡብ ምዕራቡ፣ በገራዶ መንገድ፣
አስፋልቱ እስኪያበቃ፣ ኮረት እስኪሆን መሄድ።
ከተማው ከኋላ፣ በስፖኪዮ አነሰ፣
ቆርቆሮው ሁሉ አንድ ላይ፣ እንደ ሳንቲም ፈሰሰ።
ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ ወረደ እንግዳዬ፣
እኔ ቆሜ ቀረሁ፣ ቁልፌን አንጠልጥዬ።
ታች ሜዳው ተዘርግቷል፣ ጉሙ ገና ሳይነቃ፣
ወዲህ ባቄላው አብቧል፣ ወዲያ ጤፉ ጮርቃ።
ጉንዳን የሚያህል ሰው፣ በሬ ሲመልስ አየሁ።
ይሄን ሁሉ ዓመት፣ ለካ ጀርባ ሰጥቼው ኖሬያለሁ!

ከማዶ ካለቱ ላይ፣ ነጭ ነገር ይወርዳል፣
ክር የመሰለ ውሃ፣ ይታያል፣ ይጠፋል።
«ፏፏቴው ማን ይባላል?»

ስም የለውም እኮ።
እኛ ከሥሩ ነበርን፤ ቁልቁል ያየው ማን አለ?
«ውሃው» ነበር ስንል የኖርነው፤ «ውሃው ደረቀ»፣ «ውሃው ሞላ»፣
«ከውሃው ቶሎ ተመለሺ፣ ጅብ ሳይወጣ ኋላ»።
ግን አላውቅም ማለት፣ አሳፈረኝ መሰል፤
ሁለት ሃምሳ ከፍሎ፣ ያለ ስም ይሂድ ልበል?
ከአፌ አመለጠኝ፦
«ሉባባ ትባላለች።»

ጻፈው በደብተሩ።

ሉባባ እህቴ ናት፤ ታላቄ፣ የእናቴ ልጅ፣
ቢጫ ጀሪካን አዝላ፣ ጠዋት ያጣናት ከደጅ።
እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ እሷ ዳገት ላይ ነበረች።
ደብተሬ እንዳይረጥብ፣ በሻርፗ ጠቀለለች።
በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ከደላላ ጋር ሄደች፣
በጅቡቲ አድርጋ፣ ባሕር ተሻገረች።
ሁለት ጊዜ ደወለች።
ከዚያ ቁጥሩም ዝም አለ።
እኛም ዝም አልን፤ ዝምታ ቤት ውስጥ እንደ ዕቃ ነው፣
እየዞሩት ይኖራል።

ሁለት ክረምት አልፎ፣ ሦስት ወጣቶች መጡ፣
ስልካቸውን ከፍተው፣ አንድ ፎቶ አወጡ።
«ሉባባ ፏፏቴን ታውቀዋለህ? ትወስደናለህ?»
ምራቄን ዋጥ አድርጌ፣ «ግቡ» አልኩ። ሌላ ምን ልል?

መንገድ ላይ ነው እንግዲህ፣ ከኋላ ያለችው ልጅ
«ታሪኩ ደግሞ ሲያምር! የከለከሏት ወዳጅ፣
የባላባት ልጅ ናት አሉ፣ ከገደሉ የዘለለች፤
ያ የሚወርደው እንባዋ ነው፣ እስካሁን ታለቅሳለች» አለች።

ሞተሩን አጠፋሁት።

እንኳን ልትዘል እሷ፣ ተንሸራታ አታውቅም።
የምን ባላባት? ሙሄ አባታችን፣ ከጥርብ ድንጋይ ሌላ አያውቅም።
እንባ አይደለም፣ አልኳቸው። ውሃ ነው። ይጠጣል።
ሃያ ሊትር ይመዝናል። በልጅ ወገብ ይወጣል።
ሉባባ እህቴ ናት። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣
አላውቅም ማለት አፍሬ።
ምናልባት ግን፣ በሕይወት ካለች፣
ያንን ፎቶ የሆነ አገር፣ የሆነ ሰው ቤት ታየዋለች፤
ስሟን ስታነብ፣ ማን እንደጠራት ታውቃለች።

ዝም አሉ። ልጅቷ ስልኳን ኪሷ ከተተች።
ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣
«ስንት ነበር የምትሸከመው?» አለች።
ሃያ፣ አልኳት። በቀን ሁለቴ።

ዋጋ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸው።
ጦሳ ከኋላዬ «ሸራ ዘርጋ» ይላል።
አልዘረጋሁም ዛሬ። ይርጠቡ።
ውሃው ስንት እንደሚከብድ፣ ትንሽ ይንካቸው።